ሸክላው ላይ የባንዱ ስም በጉልህ፣ የእሷ ስም በደቃቁ፤ ለምን?

የማታ ሺፍት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሙዚቃ አዋቂ አይደለሁም፤ ስህተት ብጽፍ እንዳትስቁብኝ።

ባልቲሞር ውስጥ አንዲት አዛውንት ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። የማታ ተረኛ ነኝ። ዕድሜያቸው ዘጠና አምስት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደውታል። መርሳት ጀምረዋል። ልጃቸውን በእህታቸው ስም ይጠሯታል። እኔን አንድ ቀን ነርስ፣ አንድ ቀን የድሮ ጎረቤታቸው ያደርጉኛል።

ሳሎን ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ አለ፤ ከጎኑ አንድ ሳጥን ሙሉ ሸክላ። የጥንቱ ከባዱ ዓይነት ነው። ልጃቸው «ከእጅሽ ካመለጠ እንደ ሳህን ነው የሚሰበረው» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እማማ ከዚያ ሁሉ የሚፈልጉት አንዷን ነው። መሃሏ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ያለባትን። መጀመሪያ ስሰማት የልጆች መዝሙር መሰለችኝ። ዘፋኟ ለእናቷ የጻፈችው ደብዳቤ መንገድ ላይ ይወድቅባታል፣ ሌላ ልጅ ታነሳዋለች፣ ቅርጫቷም ይጠፋል። በቃ ይሄው ነው። መጨረሻ ላይ የባንዱ ወንዶች በአንድ ድምፅ የቅርጫቱን ቀለም ይጠይቋታል። ቀይ ነው? ሰማያዊ ነው? እሷ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለች ትመልሳለች።

እዚህ ጋ ስንደርስ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረዋት «ኖ፣ ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ይላሉ። አንዲት «ኖ» አትጎድልም፣ አንዲት አትተርፍም። ምቱንም አይስቱም።

ባለፈው ሳምንት እሳቸው ሲተኙ ወረቀቱን በስልኬ መብራት አነበብኩት። የዘፈኑ ስም «አ-ቲስኬት፣ አ-ታስኬት» ነው። በጉልህ የተጻፈው «ቺክ ዌብ ኤንድ ሂዝ ኦርኬስትራ» ይላል። ከዚያ በጉንዳን ፊደል «ቮካል ኮረስ ባይ ኤላ ፊትዝጀራልድ»። የኤላን ስም እኔ እንኳ ሰምቻለሁ። ቺክ ዌብ ግን ማን ነው? ለምን ስማቸው ተገለባበጠ?

ሌላም አለ። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር እማማ «ትንሹ ሰውዬ እኮ እዚሁ ነው የተቀበረው» ይሉኛል። የትኛው ትንሽ ሰውዬ? ይቃዡ ይሁን እውነት ይሁን አላወቅኩም።

ጡረተኛ ጡሩምባ፦

እህቴ፣ እማማ አልቃዡም። ትንሹ ሰውዬ ራሱ ቺክ ዌብ ነው።

ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። ልጅ ሳለ የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ጀርባውን አጉብጦታል። ተወልዶ ያደገው ባልቲሞር ነው። የሞተውም እዚያው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው፤ ሰኔ 16 ቀን 1939። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳይገባሽ።) ለቀብሩ መንገዱ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኤላ ዘፈነችለት። እማማ ዘጠና አምስት ከሆናቸው ያኔ የስምንት ወይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። በደህናው ሰዓታቸው ጠይቂያቸው።

ቺክ ድራመር ነበር። ያውም እንዴት ያለ! ፔዳሉ ለእግሩ ተለክቶ የተሠራለት፣ ከፍ ካለ መደብ ላይ ሆኖ ባንዱን በሙሉ የሚመራ። ቤቱ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር የነበረው ሳቮይ ዳንስ አዳራሽ ነው። ሌኖክስ አቬኑ ላይ ከ140ኛው እስከ 141ኛው መንገድ ያለውን ቦታ በሙሉ የያዘ አዳራሽ ነበር። ጥቁርና ነጭ አንድ ወለል ላይ ይጨፍርበታል፤ ለዚያ ዘመን አሜሪካ ብርቅ ነው። ሁለት መድረክ ነበረው። አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። አንዳንዴም ሁለት ባንዶች ይፋለሙበታል። ግንቦት 11 ቀን 1937 የቤኒ ጉድማን ባንድ መጣ። በጊዜው አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ ጉድማን ነበር። ቺክ በገዛ ሜዳው ረታው። የጉድማን ድራመር ጂን ክሩፓ ራሱ እጅ ነሳለት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በዚያ ዘመን የቤቱ ባለቤት ባንዱ ነው፤ ዘፋኝ ቅጥረኛ ናት። ሸክላ የሚሸጠው ለዳንስ ነው። ወረቀቱን ደግመሽ እዪው፤ «ፎክስ ትሮት» የሚል ቃል አታጪም። የእርምጃው ዓይነት ነው፣ ለጨፋሪ የተጻፈ። ዘፋኟ መድረኩ ዳር ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። ባንዱ ዜማውን አንድ ዙር ይጫወታል። ተራዋ ሲደርስ ትነሳለች፣ አንድ ዙር ትዘፍናለች፣ ተመልሳ ቁጭ። ከዚያ ሳክስፎኑ ይቀጥላል፣ ጭፈራውም ይቀጥላል። «ቮካል ኮረስ ባይ» ማለት ይሄው ነው። ዙሩን ዘፈነች እንጂ ዘፈኑ የእሷ ነው አልተባለም።

እኔም በወጣትነቴ ዳንስ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፍቻለሁ። አንዲት ዘፋኝ ነበረችን፤ ወንበሯ ከጀርባዬ ነው። ተራዋ እስኪደርስ የእኔን መስመር በለሆሳስ ታንጎራጉራለች። ስሳሳት ዝም ትላለች። ዝምታዋን ስሰማ ፊቴ ይቀላል። ኖታ ማንበብ አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ኦዲተር ነበር። የኤላን የድሮ ሸክላ ስሰማ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ።

ኤላ ቺክ ዘንድ እንዴት እንደደረሰች ልንገርሽና ላብቃ። በ1917 ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ተወለደች። ያደገችው ኒውዮርክ አጠገብ ዮንከርስ ነው። እናቷ በ1932 ሞተችባት። ከዚያ በኋላ ያለው ክፉ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት መቅረት፣ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ፣ ቀጥሎም ሃድሰን ከተማ ያለው የሴት ልጆች ማረሚያ። ከዚያ ጠፍታ ሃርለም ጎዳና ላይ ወደቀች። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላም ስለ እነዚያ ዓመታት መናገር አትወድም ነበር።

ኅዳር 21 ቀን 1934 አፖሎ ቲያትር የአማተሮች ምሽት ላይ ስሟን አስመዘገበች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የሄደችው ለመዝፈን አይደለም፤ ለመጨፈር ነው! ከእሷ በፊት የወጡት ኤድዋርድስ እህትማማቾች ወለሉን በዳንስ ሲያነዱት ዓይታ እግሯ ከዳት። መድረክ ላይ ደግሞ ወጥታለች፣ መመለስ የለም። እናቷ ትወዳት የነበረችውን የኮኒ ቦስዌልን አዘፋፈን አስታውሳ ዘፈነች። ሃያ አምስት ዶላር አሸነፈች።

ለአሸናፊ የሚሰጠው የአንድ ሳምንት ሥራ ግን ቀረባት። አለባበሷን ዓይተው ነው ይባላል። ቺክም መጀመሪያ ሲያያት ፊቱን አዙሯል። ባንድ መድረክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ቆንጆ፣ የተሽሞነሞነች መሆን ነበረባታ። እስቲ ትሞከር ተብሎ ዬል ዩኒቨርሲቲ ለአንድ የዳንስ ምሽት ወሰዷት። ተማሪዎቹ ወደዷት። በሳምንት አሥራ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ተቀጠረች። ስሟ በጉንዳን ፊደል መጻፍ የጀመረው ያኔ ነው።

ሎንግ ፕሌይ፦

ጋሼ ጡሩምባ ትረካዎት ደስ ይላል፤ ግን ይቅርታ አድርጉልኝና የቅርጫቷ ዘፈን የልጅ ጨዋታ ናት። እማማ ስለሚወዷት ደስ ብሎኛል። ኤላ ማለት ግን ይሄ አይደለችም። እኔ ኤላን ከ1956 ነው የምጀምራት። ኖርማን ግራንዝ ቨርቭ የሚባለውን ኩባንያ አቋቁሞ የኮል ፖርተርን ዘፈኖች በሁለት ትልልቅ ሸክላ አስቀረጻት። ከዚያ የኤሊንግተን፣ የገርሽዊን እያለ ቀጠለ። ድምፅ ማለት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባንድ ቤት ውስጥ የባከነ ጊዜ ነው፤ ይህን ስል የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ።

ጡረተኛ ጡሩምባ፦

አልተቆጣሁም። ትንሽ ብቻ።

ልጄ፣ ለዚያች «የልጅ ጨዋታ» የደከመው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ራሷ። በ1938 መጀመሪያ ባንዱ ቦስተን ሌቫጂስ በሚባል ቤት ይጫወት ነበር። አቀናባሪው አል ፌልድማን ይባላል፤ በኋላ ቫን አሌክሳንደር ተብሎ የታወቀው ነው። ኤላ የቆየችውን የልጆች ጨዋታ ግጥም ይዛ «አቀናብርልኝ» አለችው። ሥራ በዝቶበት ችላ አላት። ነዘነዘችው። ደግማ ነዘነዘችው። በመጨረሻ ተቀመጠና ሠራው፤ ቃላቱን ደግሞ እሷ እዚህም እዚያም ለዋወጠቻቸው። ግንቦት 2 ቀን 1938 ኒውዮርክ ውስጥ ዴካ ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ ተቀረጸ። በዚያው ዓመት አንደኛ ደረጃ ያዘ። አንድ ዙር ዘፍኖ ወንበር ላይ መቀመጥ እዚያ ላይ አበቃ። አድምጠው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእሷ ነው። የባንዱ ሰዎች ናቸው ተራ ጠብቀው ጥያቄ የሚያቀርቡላት! ወረቀቱ ላይ ግን ፊደሏ ገና አላደገም። የእህታችን ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው፤ ዘፈኑ የባንዱን ዘመን ቀድሞታል፣ ማተሚያ ቤቱ ግን አልደረሰበትም።

ሕዝቡ በጣም ስለወደደው በዚያው ዓመት «ቅርጫቴን አገኘሁት» የምትል ተከታይ ዘፈን አወጡ። ያቺ እንኳ አትጥመኝም። እንጀራ ሲደገም ይሻግታል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። «የባከነ ጊዜ» አልክ። በ1960 በርሊን ላይ «ማክ ዘ ናይፍ»ን ስትዘፍን ግጥሙ ከአፏ ጠፋ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት! ሌላ ሰው ቢሆን ይሞታል። እሷ ምቱን ሳትለቅ፣ ግጥሙ እንደጠፋባት ራሱን እየዘፈነች፣ የሉዊ አርምስትሮንግን ጎርናና ድምፅ እያስመሰለች ወጣችው። ግራሚ የተሸለመችበት ነው። ይሄን የት የተማረችው ይመስልሃል? ኮንሰርቫቶሪ አልገባች። አራት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከቺክ ከበሮ ጎን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው። ትራምፔቱ ምን እንደሚል፣ ትሮምቦኑ የት እንደሚገባ፣ ጨፋሪው ሲደክመው ምን እንደሚያነሳው። በ1945 «ፍላይንግ ሆም»ን ስትቀርጽ ቃል የሚባል ነገር አልተጠቀመችም፤ ሳክስ ሆነች፣ ትራምፔት ሆነች። ያ የወንበሩ ጆሮ ነው።

ከጀርባዬ ተቀምጣ በዝምታዋ የምታርመኝ ልጅ ጊዜዋን እያባከነች ነበር ብትለኝ አልስማማም። እያባከንኩ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሒሳብ ሹም፦

ስለ ፊደሉ እኔም ትንሽ ልጨምር፤ ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ስላልሆነ።

ዘፋኞቹ ከወንበሩ የተነሱት በድምፃቸው ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ነሐሴ 1 ቀን 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ቀረጻ አቆመ። መሪው ጀምስ ፔትሪሎ ነው። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ሬዲዮውና በየቡና ቤቱ ያለው ሳንቲም የሚበላ ማጫወቻ የእኛን ሸክላ እያጫወተ እኛን ሥራ ያሳጣናል፣ ስለዚህ ኩባንያዎቹ ለማኅበሩ ይክፈሉ ነው። ዴካ በመስከረም 1943 እሺ አለ። ኮሎምቢያና ቪክተር እስከ ኅዳር 1944 ድርቅ አሉ። እሺ ያላለ ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ትራምፔት ነፊ አይገባም። ዘፋኞች ግን የማኅበሩ አባል አልነበሩም! እና ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ? ባንዱን ትተው ዘፋኙን በድምፅ አጃቢ ብቻ ቀረጹ። ሕዝቡ የዘፋኙን ስም ለመደ።

በዚያ ላይ ጦርነት ነው። ወጣት ሙዚቀኛ ለውትድርና ተጠራ። ቤንዚንና ጎማ በራሽን ሆነ፤ አሥራ አምስት ሰው በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ማዘዋወር ቀረ። በ1944 ደግሞ ዳንስና ዘፈን ባለበት ቤት ላይ የሠላሳ በመቶ ግብር ተጣለ፤ ወዲያው ወደ ሃያ ወረደ። ባለቤቱ ምን ያድርግ? አሥራ አምስት ደመወዝ ከመክፈል አራት።

ኤላ ቀደም ብላ ነው ከዚህ የወጣችው። ቺክ ሲሞት ባንዱ በስሟ ተሰየመ፤ «ኤላ ፊትዝጀራልድና ዝነኛው ኦርኬስትራዋ»። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እስከ 1942 ይዛው ቆየች፣ ከዚያ ለብቻዋ። እህቴ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከ1939 በኋላ የወጣ ሸክላ ካለ እዪው፤ ስሟ በጉልህ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ሎንግ ፕሌይ፦

እሺ ጋሼ፣ በርሊን ላይ ተረታሁ። የባከነ ያልኩትን አነሳለሁ። ቅርጫቷን ግን አሁንም አልወዳትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1942 አቦትና ኮስቴሎ የሚሠሩበት ኮሜዲ ፊልም ውስጥ ይህንኑ ዘፈን አውቶቡስ ውስጥ ትዘፍነዋለች። ከአራት ዓመት በፊት አገር ያበደላት ዘፋኝ ናት። የተሰጣት ሚና ምን መሰላችሁ? የቤት ሠራተኛ። አውቶቡሱ መሃል ቆማ ስትዘፍን ዓይታችሁ ፍረዱ፤ ፊልሙ ውስጥ ከእሷ በላይ ማን እንዳለ እኔ አላገኘሁም።

የማታ ሺፍት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ በዕረፍት ሰዓቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሳጥኑን ፈተሽኩ። ሒሳብ ሹም እንዳልከው አንድ ሌላ አለች፤ ባንዱ በእሷ ስም የተጠራባት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ዓየኋቸው። የመጀመሪያዋ ላይ «ፎክስ ትሮት» የሚለውም አለ፣ ጋሼ አልተሳሳቱም።

እማማን ጠየቅኳቸው። ትናንት ደህና ነበሩ። «ትንሹን ሰውዬ ዓይተውታል?» ስላቸው «እሱን አላየሁም፤ ሰዉን ነው ያየሁት» አሉኝ። አባታቸው እጃቸውን ጨብጦ ይዞ፣ ከፊታቸው ያለው ሰው ጀርባ ብቻ ይታያቸው እንደነበር። ሙቀት ነበር አሉ። የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ ቁልፍ ሳይቀር ነገሩኝ፤ ነጭ፣ ትልልቅ፣ አምስት። ከዚያ መልሰው እኔን በእህታቸው ስም ጠሩኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኤላ መጨረሻዋ እንዴት ሆነ? እማማ ስኳር አለባቸው፣ ማታ እግራቸውን አጥቤ በደንብ አያለሁ። ልጃቸው «ኤላም ስኳር ነበረባት» ስትል ሰምቼ ነው።

ጡረተኛ ጡሩምባ፦

እውነቷን ነው። ዓይኗንም አደከመው። በ1993 ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ለመጨፈር አፖሎ የሄደች ልጅ ነበረች፤ ይሄን ሳስብ ዝም እላለሁ። ሰኔ 15 ቀን 1996 ቤቨርሊ ሂልስ ቤቷ ውስጥ አረፈች፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ። ቺክ የሞተበት ቀን አንድ ቀን ሲቀረው። የእማማን እግር ማየትሽን አትተዪ።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያቺን ሸክላ ገልብጠሽ ታውቂያለሽ? ጀርባዋ ላይ «ላይዛ» የሚባል አለ። ዘፋኝ የለበትም፤ ቺክ ራሱ ነው፣ ከበሮው። በማግስቱ የተቀረጸ ነው። ማጫወቻው ፍጥነት 78 ላይ መሆኑን ዓይተሽ፣ መርፌውን ቀስ አድርገሽ አሳርፊው።

የማታ ሺፍት፦

ገለበጥኳት ጋሼ።

ልጃቸው ጀርባዋን ተጫውታ አታውቅም፤ «እማማ የሚወዱት ቅርጫቷን ነው» ነው የምትለው። መርፌውን ሳሳርፍ እማማ ሾርባቸውን እየጠጡ ነበር። መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ «ልጅቷስ?» አሉኝ። «ትመጣለች» አልኳቸው፣ ዋሸሁ።

ከበሮው ብቻውን ሲቀር ማንኪያውን አስቀመጡ። በሁለት ጣታቸው የወንበሩን ክንድ መምታት ጀመሩ። ምታቸው ከሸክላው ትንሽ ይዘገያል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣላ። አልቆ መርፌው መሽከርከሪያው ላይ ሲንኳኳ እሳቸው ገና እየመቱ ነበር።

«ድገሚው» አሉኝ። ሾርባው በረደ፤ ሦስት ጊዜ ደገምነው።